የአርማታ ድጋፍ ግንብ ለማሠራት ማንን እንቅጠር? የቀን ሥራ፣ የእጅ ዋጋና ሙሉ ኮንትራት ሲነጻጸሩ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከዚያም ወደ ኮተቤና ካራ በሚዘልቀው ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ድጋፍ ግንብ ማሠራቱ አይቀርለትም። በደሴና በጎንደርም ነገሩ ያው ነው። ቦታው ተቆርጦ ሲስተካከል ከላይ የቀረውን አፈር የሚይዝ፣ ወይም ተሞልቶ ከፍ ያለውን ግቢ ከታች የሚደግፍ ግንብ ካልቆመ፣ የመጀመሪያው ከባድ ክረምት አፈሩን ወደ ቤቱ ወይም ወደ ጎረቤት ያወርደዋል።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሁለት ሦስት ግንበኞችን ጠርቶ «በሜትር በስንት ትሠሩልኛላችሁ?» ብሎ በመጠየቅና ዝቅተኛውን ዋጋ በመምረጥ ነው። ለተራ የአጥር ግንብ ይህ መንገድ እምብዛም ጉዳት የለውም። ለድጋፍ ግንብ ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ግንቡን የሚያቆሙት ነገሮች ሥራው ሲያልቅ አንዳቸውም አይታዩም። የመሠረቱ ስፋትና ጥልቀት ከአፈር በታች ይቀራል፤ ፌሮው በአርማታ ይሸፈናል፤ የገባው የሲሚንቶ መጠን አርማታው ከደረቀ በኋላ በዓይን አይለይም፤ ከጀርባ ያለው የውሃ ማስተንፈሻ በሙሌት ይቀበራል። ስለዚህ የትኛው የቅጥር መንገድ ይሻላል የሚለው ነገር የሚወሰነው በሜትር ዋጋ ሳይሆን፣ የሚሸፈነው ሥራ ከመሸፈኑ በፊት እንዲታይ ማን ይፈቅዳል፣ ከተሸፈነስ በኋላ ማን ይጠየቅበታል በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

ግንቡ የሚሸከመው ጭነት

ከአንድ ግንብ ጀርባ ያለ አፈር ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢመስልም ወደ ጎን ይገፋል። ከላይ ሌላ ጭነት በሌለበት፣ ደረቅና በደንብ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 1.2 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይቀበላል። ከፍታው 3 ሜትር ሲሆን ግፊቱ ወደ 2.7 ቶን ያድጋል፤ ግንቡን ለመገልበጥ የሚሠራው ኃይል ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። «አንድ ሜትር ብቻ እንጨምርበት» የሚለው በሥራ መሐል የሚመጣ ሐሳብ የፌሮውንም የመሠረቱንም ስሌት የሚያፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአፈሩም የበለጠ ጠላት ውሃው ነው። በዚያው ባለ 2 ሜትር ግንብ ጀርባ ውሃ ማምለጫ አጥቶ እስከ አናቱ ቢጠራቀም፣ ውሃው ብቻውን በሜትር ወደ 2 ቶን ይገፋል፤ ከአፈሩ ጋር ሲደመር ጠቅላላው ግፊት ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ተዘንብለው ወይም ተሰንጥቀው የምናያቸው ግንቦች አብዛኛውን ጊዜ በሲሚንቶ ማነስ ሳይሆን በውሃ መታፈን የተጎዱ ናቸው። በጎሮና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር ደግሞ ሲርስ ስለሚያብጥ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ተነሥቶ በቀይ አሽ ወይም በጠጠር መተካት ይኖርበታል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ መሰማታቸውም፣ ከፍ ያለ ግንብን በግምት መሥራት እንደማይገባ ተጨማሪ ማስታወሻ ነው።

ከሠሪው በፊት ዲዛይን

ከ1 ሜትር በላይ ለሚሆን ግንብ የመጀመሪያው ቅጥር ግንበኛ ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ቢሆን እመክራለሁ። መሐንዲሱ ቦታውን መጥቶ ማየት፣ አፈሩን በሙከራ ጉድጓድ መፈተሽ፣ ከግንቡ በላይ ቤት ወይም የመኪና መንገድ መኖሩን መመዝገብ፣ በመጨረሻም የመሠረቱን ስፋት፣ የፌሮውን ዓይነትና ርቀት፣ የአርማታውን ደረጃና የውሃ መውረጃውን የሚያሳይ ንድፍ ከብዛት ዝርዝር ጋር መስጠት አለበት። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከግንቡ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሁሉም ተወዳዳሪ ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ እንዲሰጥ ማስገደዱ ነው። ንድፍ በሌለበት አንዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 1 ሜትር ከ50 የመሠረት ስፋት በልቡ ይዞ ዋጋ ይናገራል፤ አሠሪውም ሁለት የተለያዩ ግንቦችን እንደ አንድ ቆጥሮ ያወዳድራል። በተለምዶ የመሠረቱ ስፋት ከጠቅላላው ከፍታ ግማሽ እስከ ሰባ በመቶ እንደሚደርስ ማወቅ፣ ማን ከእውነት የራቀ ዋጋ እንደሰጠ ለመገመት ይረዳል።

ወሰን ላይ የሚሠራ ግንብ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። መሠረቱ ወደ ጎረቤት ይዞታ ዘልቆ መግባት ስለማይችል፣ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ ወደ ራስ ግቢ መዘርጋት ሊኖርበት ነው፤ ይህም ንድፉን ይለውጣል። የግንባታ ፈቃድ ጉዳይም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መታየት ያለበት ነው። በአዲስ አበባ ጉዳዩን የሚይዘው የከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን በመሆኑ፣ በክፍለ ከተማው ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ኋላ ላይ ሥራ ከማስቆም ያድናል።

ሦስቱ የቅጥር መንገዶች

በቀን ክፍያ ማሠራት የመጀመሪያው ነው። አሠሪው ግንበኛውን፣ ፌሮ የሚያስረውን ፌራዮና የጉልበት ሠራተኞቹን በቀን ሒሳብ ይቀጥራል፤ ዕቃውንም ራሱ ያቀርባል። ሠሪው ለመቸኮል የሚገፋው ምክንያት ስለሌለው ጥንቃቄ ያለው ሥራ ሊገኝበት ይችላል፤ ነገር ግን ቀኑ እየተራዘመ ወጪው የማይታወቅ ይሆናል፤ ግንቡ ቢያዘነብልም ተጠያቂው አሠሪው ራሱ ነው። ከጉልበት በታች ለሆነ የአትክልት መደብ ደጋፊ ወይም የቆየ ግንብ ለመጠገን ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ፌሮ የሚገዛው አሠሪው ሲሆን፣ ግንበኛው ቡድኑን ይዞ ለቁፋሮው፣ ለፎርምወርኩ (አርማታው እስኪደርቅ ለሚይዘው ቅርጽ)፣ ለፌሮ ሥራውና ለሙሌቱ በሜትር ኪዩብ፣ በካሬ ወይም በጥቅል ይዋዋላል። የዚህ መንገድ ትልቁ ብልጫ፣ ሠሪው ሲሚንቶ ወይም ፌሮ ቀንሶ የሚያተርፈው ነገር አለመኖሩ ነው። የእሱ ትርፍ ያለው በፍጥነት ላይ ብቻ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ በጥቅል የተዋዋለ ቡድን ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ስለሚፈልግ፣ ጊዜ የሚወስዱት ነገሮች ይዘለላሉ። አርማታው በቫይብሬተር (አየሩን በሚያስወጣው ማንቀጥቀጫ) በደንብ ሳይመታ ይቀራል፤ ለማፍሰስ እንዲቀል ውሃ ይበዛበታል፤ ሙሌቱ በየ20 እና 30 ሴንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ መግባት ሲገባው በአንድ ጊዜ ከላይ ይለቀቃል። የፎርምወርክ ፓኔል፣ የሚክሰርና የቫይብሬተር ኪራይ የማን እንደሆነ ቀድሞ ካልተነገረም ጭቅጭቅ የሚነሣው በአርማታው ዕለት ጠዋት ነው።

ሦስተኛው ሙሉ ኮንትራት ሲሆን፣ ተቋራጩ ዕቃውንም ሥራውንም ችሎ የተጠናቀቀ ግንብ ያስረክባል። ከንግድ ፈቃድና ከተቋራጭነት ደረጃ ጋር የሚመጣ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ አድራሻው የሚታወቅ ተቋራጭ ሲሆን፣ ለአሠሪው ዕረፍት የሚሰጠው ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ማድረጉም በተግባር የሚጠቅመው፣ የሚከሰሰው ሰው ኋላ ሲፈለግ የሚገኝ ከሆነ ነው። ዋጋ ሲነጻጸር የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱን መጠየቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ቫት የጨመረው ሐቀኛ ተቋራጭ ካልጨመረው ይልቅ ውድ መስሎ ይታያል።

ነገር ግን ሙሉ ኮንትራት በርካሽ ከተገኘ ከሦስቱም መንገዶች የከፋው እሱ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ቋሚው አካል 2.3 ሜትር ከፍታና 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ መሠረቱ 1.6 ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ወደ 16 ሜትር ኪዩብ አርማታ ይፈልጋል። ሲ-25 በሚባለው የተለመደ የጥንካሬ ደረጃ አርማታ አሠራር ለአንድ ሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ስለሚገባ፣ ጠቅላላው ወደ 115 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይሆናል። በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ አንድ ከረጢት የቀነሰ ተቋራጭ 16 ከረጢት ኪሱ ይገባል፤ አሠሪው ግን በዓይኑ አንዳች ልዩነት አያይም። ባለ 12 ፌሮ ተብሎ የተዋዋሉትን በባለ 10 መተካት ደግሞ የብረቱን መጠን 30 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ሁሉም ተቋራጭ ይህን ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከሌሎች በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠ ሰው ልዩነቱን ከየት እንደሚያመጣው በብዛት ዝርዝሩ ላይ ማሳየት ካልቻለ፣ ከእነዚህ ቦታዎች እንደሚያመጣው መጠርጠር ተገቢ ነው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሚሰጡት ዋጋም በዚሁ ሚዛን ይታይ፤ ከመካከላቸው ጥሩ ፎርማን ያላቸው አሉ፤ የሚወስነው የማኅበሩ ስም ሳይሆን በየቀኑ ቦታው ላይ የሚቆመው ሰው ነው።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። እስከ 1 ሜትር ለሚደርስና ከላይ ጭነት ለሌለው ግንብ ልምድ ያለው ግንበኛ በእጅ ዋጋ ይበቃል። ከ1 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከግማሽ ለሚሆነው፣ የመሐንዲስ ንድፍ ይዞ በእጅ ዋጋ ማሠራትና መሐንዲሱን ለተወሰኑ ጉብኝቶች ለብቻው መክፈል ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዕቃው በአሠሪው እጅ፣ ጥራቱ በመሐንዲሱ ዓይን ሥር ይሆናልና። ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ከላዩ ቤት፣ መንገድ ወይም የጎረቤት ግንብ ለተቀመጠበት፣ ደረጃ ያለው ተቋራጭና ከተቋራጩ ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ በጎረቤት ሕይወት ላይ የሚቆጠብ ነው፤ በቃላት ላለማለስለስ ነው እንዲህ የምለው።

ሠሪውን እንዴት እንመዝን

ግንበኛው ቀደም ብሎ የሠራውን ግንብ ማየት የግድ ነው፤ ባለፈው ወር የጨረሰውን ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ክረምት ያሳለፈውን። ቱንቢ አስጠግቶ ማዘንበሉን ማየት፣ በአግድም የተሰነጠቀ መስመር መኖሩን መፈለግ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ከሥራቸው የውሃ ፈለግ እንዳላቸው መመልከት ይገባል። ቀዳዳ ኖሮት ግን በክረምት ውሃ የማያወጣ፣ ገጹ ደግሞ የራሰ ግንብ ከጀርባው ማጣሪያ ጠጠር እንዳልተደረገለት ይናገራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከብዙ ወሬ ይበልጣል፦ «ዋናው ቋሚ ፌሮ በየትኛው ፊት በኩል ነው የሚቆመው?» ከመሠረቱ ላይ ብቻውን ለሚቆም የአርማታ ግንብ ትክክለኛው መልስ «በአፈሩ በኩል» ነው፤ አፈሩ ሲገፋው የሚሳበውና የሚሰነጠቀው የጀርባው ፊት ስለሆነ። በውጭ በኩል ወይም መሐል ላይ አደርገዋለሁ የሚል ሰው የቱንም ያህል የተዋጣለት የድንጋይ ግንበኛ ቢሆን፣ ይህን ሥራ ያለ መሐንዲስ ሊሰጠው አይገባም። ቀጥሎ ፌሮው ከአፈር ምን ያህል ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ በምንስ ይያዛል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽፋን እንደሚያስፈልግና በሲሚንቶ ስፔሰር (ፌሮውን በሚያራርቅ ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ) እንደሚያዝ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል። በጠጠር ቁራጭ ወይም በእንጨት አስደግፈዋለሁ የሚለው ግን ፌሮው ቶሎ እንዲዝግ በር ይከፍታል።

አሸዋውን ደግሞ አሠሪው ራሱ መፈተሽ ይችላል። በግልጽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ ጨምሮ በውሃ ከሞሉ በኋላ በደንብ ነቅንቆ ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች ይሰፍራል፤ ጭቃው ከላይ እንደ ቀጭን ሽፋን ይቀመጣል። ሽፋኑ ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ለዚህ ፈተና ፊቱን የሚያጠቁር ሠሪና «እኔም ሁልጊዜ አየዋለሁ» የሚል ሠሪ ምን ያህል እንደሚለያዩ በአንድ ጠርሙስ ይታወቃል። ውሃውም እንዲሁ፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወደ 25 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ያም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ትንሽ መጨመር ማለት ነው፤ አሸዋው እርጥብ ሲሆን ደግሞ ከዚያ ይቀንሳል። በሚክሰሩ አጠገብ የውሃ ጎማ እየለቀቁ በዓይን የሚለኩ ሰዎች አርማታውን ያዳክማሉ።

በውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው

ውሉ ንድፉንና የብዛት ዝርዝሩን አባሪ አድርጎ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከሁሉ በላይ ግን የማቆሚያ ነጥቦችን መያዝ አለበት። ቁፋሮው አልቆ ሊን ኮንክሪት (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ አርማታ) ከመፍሰሱ በፊት፣ የመሠረቱና የቋሚው ፌሮ ታስሮ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት፣ ፎርምወርኩ ተፈትቶ ከመለሰኑ በፊት፣ እንዲሁም ማጣሪያ ጠጠሩና የፕላስቲክ ቱቦዎቹ ተቀምጠው ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ሥራው ቆሞ መሐንዲሱ ወይም ባለቤቱ አይቶ ይፈርማል። ያልታየ ነገር ከተሸፈነ በሠሪው ወጪ እንዲገለጥ ውሉ ላይ ይጻፍ። አርማታው ቢያንስ ለ7 ቀን በጆንያ ተሸፍኖ ውሃ እንዲጠጣ፣ ሙሌት ደግሞ አርማታው 28 ቀን ሳይሞላው እንዳይጀመር መጻፍም ይገባል፤ ሠሪዎች አብዝተው የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነውና። በጉድጓዱ ውስጥ ሠራተኛ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚችል፣ ጥልቅ ቁፋሮውን በምን ደግፈው እንደሚሠሩም ሳይጠቀስ መፈረም የለበትም።

ክፍያው ከማቆሚያ ነጥቦቹ ጋር ይተሳሰር። ለሠሪው መነሻ የሚሆን ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው፤ ከሩብ በላይ ግን አያስፈልግም። ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል መያዣ ሆኖ ቢቀር፣ እሱም ግንቡ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ቢለቀቅ፣ ሁለቱም ወገኖች ምክንያታዊ ነው ብለው ይቀበሉታል።

በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ሆነው በዘመድ በኩል የሚያሠሩ ሰዎች ከማንም በላይ በማቆሚያ ነጥቦቹ ላይ መጽናት አለባቸው። ዘመድ ገንዘብ ማስተላለፍ ይችላል፤ ፌሮ መቁጠር ግን ሊያውቅም ላያውቅም ይችላል፤ ወንድምን ወይም አክስትን ተቆጣጣሪ ማድረግ ደግሞ ሥራው ሲበላሽ ቤተሰብን ያጣላል። በየነጥቡ ሄዶ ሜትር አስደግፎ የሚቀርጽ፣ ሪፖርቱን በቀጥታ ለባለቤቱ የሚልክ መሐንዲስ መክፈል ይሻላል፤ ቀጣዩ ክፍያም ቪዲዮው ሳይታይ አይላክ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዲዛይንና ፈቃድ በክረምቱ ተጠናቆ ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር አርማታውም ሙሌቱም ከበልግ ዝናብ በፊት ያልቃሉ። በግንቦት መጨረሻ ቁፋሮ የሚጀምር ግን ተዳፋቱን ቆርጦ ያለ ድጋፍ ለሰኔ ዝናብ ይሰጠዋል፤ ዋጋ ቅናሽ ቢሰጠውም እስከ ጥቅምት መጠበቅ ይሻለዋል። መያዣው ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት በነሐሴ ዝናብ ቆሞ ሳለ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥርት ያለ ውሃ የሚያወጡ ከሆነ ማጣሪያው ሠርቷል፤ ጭቃ የሚያወጡ ከሆነ ከጀርባ ያለው አፈር እየታጠበ ስለሆነ፣ ሠሪው ከላይ ከፍቶ ማጣሪያውን ሳያስተካክል ቀሪው ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም።